ጆሮ ለባለቤቱ

ወላጆቹ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ አለ፤ ከዚያ ውጭ ግን የሚያነሳው የለም። ከልጅነቱ ጀምሮ «ጆሮ» ነው። አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ልጁ ደጅ ላይ ጭቃ እያቦካ ሲጫወት፣ መኪናው ገና ከዋናው መንገድ ሳይታጠፍ፣ ከስንቱ ጩኸት መሃል ለይቶ «እማ፣ አባዬ መጣ!» ይላል። እናቱ መጀመሪያ ሳቁበት፤ በኋላ ግን ሻይ የሚጥዱት በሱ ቃል ሆነ። አንድ ቀን እንዲያውም «አባዬ መጣ፣ ግን አንዱን ጎማ አሞታል» አለና፣ አባትየው የኋላ ጎማውን ኩሽኔታ እየረገሙ ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» አለው። ስም እንዲህ ነው፤ አንዴ ከተለጠፈ በሳሙናም አይለቅም።

ሲያድግ ሆቴል ውስጥ ከአንድ ባንድ ጋር ኪቦርድ ተጫወተ። ባንዱ ተጣልቶ ሲበተን ኮምፒውተር ገዛና ከሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ሱቅ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራየ። ክፍሏ ድሮ የጎማ መጋዘን ነበረች፤ ዝናብ ሲመጣ ዛሬም ላስቲክ ላስቲክ ትሸታለች። ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ለበጠ፣ መስኮቷን በብርድ ልብስ ደፈነ፣ ሁለቱን ስፒከሮች ጡብ ላይ አስቀመጠ። የዘፋኝ ትንፋሽ ማይኩን እንዳይመታ የሽቦ ቀለበት ላይ የሚስቱን አሮጌ ስቶኪንግ ወጥሮ ማይኩ ፊት ሰቀለ። «በዚያች ስቶኪንግ ሳያልፍ ዘፋኝ የሆነ የለም» እየተባለ ይቀለድ ነበር።

ጆሮ ሲሠራ አይጮህም፣ አይሳደብም። ዘፋኙ ዜማውን ሲስት ወይም አንድ ነገር ቦታውን ሲለቅ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል ያደርጋል፤ በቃ። ያቺ መዘንበል ከስድብ ትከብዳለች። ስንቱ ጎረምሳ «ዛሬስ አሳየሁት» ብሎ ዓይኑን ሲገልጥ የጆሮን አንገት አይቶ ቅስሙ ተሰብሯል። የሚገርመው፣ ራሱ ጆሮ አንገቱ እንደሚዘነብል አያውቅም። ቢነግሩትም አላመነም።

ሚስቱ የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ናት። ቀኑን ሙሉ የጨነቀው ሰው ስታነጋግር ስለምትውል ድምፅ ዝቅ ማድረግ ልማድ ሆኖባታል፤ እቤትም እንደዚያው ናት። ጆሮ «ሹክሹክ» ይላታል። ሲጋቡ «ጆሮና ሹክሹክታ ተገናኙ፤ እንግዲህ ለሌላው ወሬ አይተርፈውም» ተብሎ ተሳቀ። ባሏ ከሥራ ሲገባ በሩን ከፍታ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ዛሬስ ቀናህ?» እሱም «ቀናኝ» ይላል። ባይቀናውም ቀናኝ ይላል፤ ትዳር ነዋ።

ችግሩ የሚገባው እየቆየ መሆኑ ነበር። አንድ ቀን ሹክሹክ ትዕግሥቷ አለቀና ስቱዲዮ ድረስ መጣች። እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆመች፤ ኮምፒውተሩን በአገጯ ጠቆመች።

«ጣውንቴ ይቺ ናት?»

ጆሮ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«የምሬን ነው። ቀንቼባታለሁ። እሷን ስታይ ዓይንህ ይበራል፣ እኔን ስታይ እንቅልፍህ ይመጣል። ይኸው ነገርኩህ።»

«ታዲያ ነይ ተቀመጪ፤ ላስተዋውቃችሁ» አላትና ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ አንድ ዝቅ ያለ ዱካ ተውሶ ከጎኑ አስቀመጠላት። ሰው መከራውን በገዛ እጁ ወንበር ስቦ ሲያስቀምጥ አይታወቀውም።

የተጀመረው እንዲህ በቀልድ ነው። ከሥራ ስትወጣ ጎራ ትላለች፤ እሱ ያሳያታል። ይቺ መቁረጫ ናት፣ ይቺ ማዘግያ ናት፣ ይሄ ትራክ ይባላል፣ ኮፒ ስትፈልጊ እንዲህ አድርጊ። «ይቺ ክብ ሆና በመስመር የተሰረዘችው ደግሞ ገልባጭ ናት። ድምፅ ማለት ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ነገር ነው። ይቺን ስትጫኚ የወጣው ይወርዳል፣ የወረደው ይወጣል።»

«ልዩነቱ አይሰማኝም እኮ።»

«ብቻውን ከሆነ አይሰማም። ሁለት አንድ ዓይነት ድምፅ ይዘሽ አንዱን ገልብጠሽ ከደመርሻቸው ግን ይጠፋፋሉ። አንድ በር ሁለት ሰው ከውስጥና ከውጭ እኩል ሲገፋው ምን ይሆናል?»

«አይነቃነቅም።»

«ይኸው ነው።»

ሹክሹክ ራሷን ነቀነቀች። የሰማችውን አትረሳም፤ ሥራዋ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሆስፒታሉ በስልኳ ድምፅ እየቀዳች መምጣት ጀመረች። የበሽተኛ ጋሪ ጎማ ሲጥ ሲጥ ሲል። የአሳንሰሩ በር ሲዘጋ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ። «የቧንቧ ባንድ አቋቋምሽ?» ብሎ አላገጠባት። እሷ ግን የጎማውን ሲጥታ ይዛ እያዘገየች፣ እያወፈረች፣ ቆርጣ እየቀጠለች፣ ከክር መሣሪያ የማይለይ የሚያለቅስ ነገር አወጣችበት። የቧንቧዋን ጠብታ ከበሮ አደረገችው። ጆሮ ዕድሜውን ሙሉ ሲጥታ እንዳይገባበት ሲከላከል የኖረ ሰው ነው፤ እሷ ሲጥታውን በር ከፍታ አስገባችው።

አንድ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እያጠበ ጠራው።

«ስማ ጆሮ፣ ትናንት ከሰዓት የሠራኸው ምንድነው? ግድግዳው ጉድ አሰማኝ! ደንበኛዬ ተላጭቶ ጨርሶ አልነሳም አለ፤ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኗል።»

ትናንት ከሰዓት ጆሮ ስቱዲዮ አልነበረም። ሹክሹክ ነበረች።

«እሱ... ሙከራ ነው» አለና አለፈ። የሚስቱን ሙያ ለራሱ ሲወስድ ምላሱ እንኳን አልተያዘም።

እውነቱ ሁለት ቀን አልቆየም፤ ግድግዳው ስስ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሹክሹክን ሥራዋን ጨርሳ ከስቱዲዮ ስትወጣ አገኛትና ጆሮን ሲያየው በሳቅ ፈረሰ። «ለዚህ ነዋ 'ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው' የሚባለው! እቤትህ ይህን የመሰለ ነገር ተቀምጦ የምትሰማው ከኔ ነው?»

ጆሮ ቀና። አናድበስብሰው፤ ቀና። በልጅነቱ ጓደኛው ሳይክል ሲገዛለት እንደቀናው ዓይነት፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደ ትኋን የሚነክስ ቅናት። ሌላ ወንድ ሲያያት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚጣላው ሰው ያገኝ ነበር። አሁን የሚጣላው ከማን ጋር ነው? ከቧንቧ ጋር? ደህናውን የጆሮ ማዳመጫ «ተበላሽቷል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ደበቀ። ሹክሹክ የተሰነጠቀውን አጥልቃ ቀጠለች። እቤት ሰሃን እያጠበች አዲስ ዜማ ስታንጎራጉር ተነስቶ ይወጣል። ታላቅ እህቷ ልትጠይቃቸው መጥታ ሥራዋን ስትሰማ «አንቺ፣ ለካ ሙያው ያንቺ ኖሯል! እሱ ወንበሩን ሲያሞቅልሽ ነው የኖረው!» አለች። ጆሮ ሳቀ፤ የጥርስ ሳቅ። ያን ዕለት እህትየዋን እስከ በር እንኳን አልሸኛትም።

ከሁሉ የከፋው ሥራው ጥሩ መሆኑ ነው። ቢቀፍ ኖሮ ሚስቱን ያበረታታት ነበር፤ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «በርቺ» ይላት ነበር። ጆሮው ግን ሊዋሽለት አልቻለም።

በዚህ መሃል ድምፃዊቷ መጣች። ድምፃዊቷ ማለት ጆሮን ጆሮ ያደረገች ሴት ናት፤ የመጀመሪያ ሥራዋን ከሠራላት ጀምሮ ሌላ ደጅ ረግጣ አታውቅም። ከዚያ ጉሮሮዋን ታመመች፣ ተቀደደችም ተሰፋችም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አለች። አሁን ድኗል ተብሎ፣ በትልቁ አዳራሽ በሚከፈት ቴአትር መጨረሻ ላይ የሚሰማ አንድ ዘፈን ልትዘፍን ነው። አብሯት የቴአትሩ አዘጋጅ መጥቷል፤ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው።

«መድረኩ ባዶ ይሆናል» አለ አዘጋጁ። «እናትየዋ ከቤት ወጥታ ቀርታለች፤ ወንበሯ ብቻ አለ። ያኔ ድምፅዋ ይመጣል። ሰው የሚያየው ወንበር፣ የሚሰማው እሷን ነው። ሌላ ምንም የለም።»

ጆሮ ለዚህ ቀን ሲዘጋጅ ሰንብቷል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ቫዮሊን ሁሉ ያሰለፈበት፣ ከበሮው የሚያንጎደጉድ ቅንብር ከፈተላቸው። አዘጋጁ ጨዋ ሰው ነው፤ እስከ መጨረሻው ሰማ። «ጥሩ ነው... ትልቅ ነው» አለ። ትልቅ ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጆሮ ያውቃል፤ እሱም ለስንቱ ብሎታል።

ድምፃዊቷ ግን ጉሮሮዋን ነካ ነካ እያደረገች «ባለፈው መጥቼ አጥቼህ ስመለስ በር ላይ ሆኜ የሰማሁት የቱ ነው?» አለች። «ያ ሲጥ ሲጥ የሚለው። የሚሄድ ሰው የሚመስለው።»

«እሱ እንኳን... የባለቤቴ ጨዋታ ነው እትዬ።»

«እስቲ እሱን ጨዋታ ክፈትልኝ።»

በገዛ እጁ ከፈተው። የጋሪው ጎማ መጣ፣ ጠብታው መጣ። ድምፃዊቷ ሳትጠየቅ፣ አፏን ገርበብ አድርጋ፣ ከላዩ ማዜም ጀመረች፤ ያ ከሕመም የተረፈ፣ ጫፉ የተፈተለ የመሰለ ድምፅ በሲጥታው መሃል መንገድ አገኘ። ስትጨርስ አዘጋጁ መሬት መሬት እያየ ነበር። ቀና ሲል የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦

«እሷን የት ነው የማገኛት?»

ጆሮ ይህችን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ጥርሱን ሲቦርሽ ትሰማዋለች፣ ጫማውን ሲያስር ትሰማዋለች።

ተስማሙ። ቅንብሩ የሹክሹክ፣ ድምፅ ቀረጻው የጆሮ። ድምፃዊቷ በስቶኪንጓ በኩል ዘፈነች፤ ጆሮ ቀረጸ፤ አሳምሮ ቀረጸ። ሥራ ላይ አያጭበረብርም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አጭበርብሮ አያውቅም። የሚቀረው ድምፁን ከቅንብሩ ጋር ማዋሐድ ነበር፤ እሱም የሹክሹክ ድርሻ ሆነ።

በማግስቱ ጆሮ ለማስታወቂያ ሥራ አንድ ቢሮ ተጠርቶ ሄደ። ጽሑፉን የሚያነቡት ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ናቸው። እሳቸው ፊት የባዕድ ቃል መናገር ማለት ጭቃ የያዘ ጫማ አድርጎ ምንጣፍ ላይ መቆም ነው። «አንዴ ኮፒ ላድርገውና...» ሲል «ግልባጭ በል ልጄ! ኮፒ ምንድነው? መገልበጥ የሚል ቃል እያለን!» ይሉታል። ደግሞ ይረሳል፤ ደግሞ ያርሙታል። እስከ ምሳ ድረስ ሲያርሙት ዋሉ። ስልኩ የጮኸው በዚህ መሃል ነው።

«ድምፁን ልጀምረው ነው» አለች ሹክሹክ። «ምን ላስቀድም?»

ጆሮ ሽማግሌውን በዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አየና «ከመንካትሽ በፊት አንድ ገልብጪና ወደ ጎን አድርጊው» አለ። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እሱ ሊል የፈለገው «ለመጠባበቂያ አንድ ኮፒ አስቀምጪ» ነው። የተናገረውንም በዚያው ረሳው።

ሲመለስ ሹክሹክ ጨርሳለች፤ ጉንጯ ቀልቷል። «ስማው» አለችና የተሰነጠቀውን ማዳመጫ አውልቃ ስፒከሩን ከፈተች። ጆሮ በሩን እንኳን ሳይዘጋ ቆሞ ሰማ። ጎማው፣ ጠብታው፣ ከዚያ ድምፁ። ድምፁ ግን መሃል ላይ የለም። ከግራም ከቀኝም ይመጣል፣ ክፍሉን ይከባል፣ የቆመበት መሬት የለውም። ሌላ ሰው «እንዴት ያምራል» ይል ነበር። ጆሮ ግን ወዲያው አወቀ፤ በግራ ያለው ድምፅ በቀኝ ካለው ጋር አንድ ነው፣ አንደኛው ተገልብጧል። ግራና ቀኝ ተለያይተው እስካሉ ድረስ ችግር የለም። የትልቁ አዳራሽ ስፒከር ግን ግራና ቀኝ አያውቅም፤ ጆሮ እዚያ ሠርቷል። የሚሰጡትን ሁሉ ደምሮ አንድ አድርጎ ነው የሚያወጣው። እዚያ ሲደመሩ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። የበሩ ነገር ነው። ሲጥታው ይሰማል፣ ጠብታው ይሰማል፣ ሁለት ዓመት ዝም ያለችው ሴት ድምፅ አይሰማም።

«እ? እንዴት ነው?» አለች ሹክሹክ።

«አንድ ነገር ተሳስተሻል» ለማለት ትንፋሽ ሳበ። ትንፋሹም መጣ፣ ቃሉም መጣ። ከዚያ «እሷን የት ነው የማገኛት?» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር መጣችና በሩን ዘጋችው። ይስሟት፣ አለ በሆዱ። እኔንስ ማን ነገረኝ? ወድቄ ነው የተማርኩት። እሷም አንዴ ትውደቅና ሙያ በጨዋታ እንደማይገኝ ትይ።

«ጥሩ ነው» አለ። «አትንኪው። እንዳለ ይሂድ።»

ሥራው የተጫነበትን ፍላሽ ለአዘጋጁ ያስረከበው ራሱ ነው። ከቤት ሲወጣ ሹክሹክ በሩ ላይ «የቀረ የምትለው ነገር የለም አይደል?» ብላ ጠየቀችው። «የለም» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ቴአትሩ የተከፈተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ድምፃዊቷ ፊት ረድፍ ላይ፣ አንገቷ ላይ ስስ ሻሽ ጠምጥማ ተቀምጣለች። ጆሮና ሹክሹክ ከኋላ ናቸው፤ ድምፅ የሚቆጣጠረው ሰውዬ ጠረጴዛ አጠገብ። ጆሮ ቴአትሩ ምን እንደሚል አልሰማም። እጁ ላቡን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ሹክሹክ ክንዱን ይዛለች፤ ለሷ ያላበው መስሏታል።

መጨረሻው መጣ። መድረኩ ባዶ ሆነ፤ ወንበሩ ብቻ ቀረ። የጋሪው ጎማ መጣ፤ ሰው ሁሉ ፀጥ አለ። ጠብታው ተከተለ። ከዚያ ድምፁ መግባት የነበረበት ቦታ ላይ ምንም አልገባም። ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ፣ የድምፅ ጭራ የመሰለ ነገር ይሰማል፤ ቃል የለውም፣ አካል የለውም። የተቀመጠው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ ሳል አለ። አንዷ ሳቀች።

ጆሮ የፈለገው ይህንን ነበር። ደርሶለታል። ግን ዓይኑ ወደ ፊት ረድፍ ሄደና የድምፃዊቷ እጅ ሲነሳ አየ። እጇ ቀስ ብሎ ተነሳና ጉሮሮዋን ያዘ፤ ጉሮሮዋ እዚያ መኖሩን የምታረጋግጥ ነው የምትመስለው።

ተነሳ። በሦስት እርምጃ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ፤ ሰውዬውን ገፋ አደረገና ከሁለቱ ገመዶች የቀኙን መንጭቆ ነቀለ። ድምፁ መጣ። ከመሃል ቃል ጀምሮ፣ ሙሉ ሆኖ፣ አዳራሹን ሞልቶ መጣ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲለቅ ተሰማ። ዘፈኑ ሲያልቅ ቆመው አጨበጨቡ፤ አንዳንዱ የሚያጨበጭበው ወደ ኋላ፣ ወደ ጆሮ ዞሮ ነበር።

አዘጋጁ እየሮጠ መጥቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። «አንተ ባትኖር አልቆልን ነበር! ጆሮ የሚሉህ በከንቱ አይደለም!» ከዚያ ፊቱን አኮሳተረ። «ግን እንዲህ አድርጎ የሠራው ማነው?»

ጆሮ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቀውም፤ ሹክሹክ ቀደመችው።

«እኔ ነኝ» አለች፤ በዚያች ዝቅ ባለች ድምፅዋ። «አዲስ ስለሆንኩ ነው። እሱ የለበትም።»

ድምፃዊቷ ደርሳ ነበር፤ ሰማች። አልተቆጣችም። «ልጄ፣ ዳግመኛ የጠፋ መስሎኝ ነበር እኮ» አለች ብቻ፤ እጇ አሁንም ጉሮሮዋ ላይ ነበር። ሹክሹክ ጎንበስ ብላ «ይቅር ይበሉኝ» አለቻት። አዘጋጁ የጆሮን ትከሻ ይዞ ወደ ጎን ወሰደውና «የሚቀጥለውን ሥራ አንተው ራስህ ያዘው፤ ጨዋታ ይበቃናል» አለው።

ታክሲ ተሳፈሩ። ሹክሹክ በመስኮት ታያለች። ሰፈር ሲደርሱ «ስቱዲዮ ልግባ፤ ለነገ መስተካከል አለበት» አለች። ገና አልጨለመም፤ ፀጉር አስተካካዩ እየጠረገ ነበር። «ቀናችሁ?» ብሎ ጮኸ፤ አልፈውት ገቡ።

የጆሮ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። እሱ ዱካው ላይ ተቀመጠ፤ ዝቅ ያለ ዱካ ነው፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ሥራዋን ከፈተችና የተሰረዘችውን ክብ ተጫነች። ተገልብጦ የነበረው ተመለሰ፤ ድምፁ ከግራና ከቀኝ ተሰብስቦ መሃል ላይ ቆመ።

«'አንድ ገልብጪና ወደ ጎን አድርጊው' አልከኝ» አለች ሳትዞር። «ገለበጥኩ። ወደ ጎን አደረግኩ፤ እንዳያጋድል ሌላውን በግራ አደረግኩት። ግራና ቀኝ ከሆኑ አይገናኙም ብዬ ነው። የምታውቀው ብልሃት አለ ብዬ ነው።»

የሽማግሌው ፊት፣ ደስ ብሏቸው የነቀነቁት ራስ፣ ጆሮ ላይ አሁን መጣበት።

«ኮፒ ማለቴ እኮ ነው!»

«አንተ ኮፒ ስትፈልግ ኮፒ ነው የምትለው። ገልባጭ ያልከኝ ይቺን ነው።» ክቧን በጣቷ ነካች። «እዚያ እኔ ነኝ ያልኩት አንተ የተሳሳትክ መስሎኝ ነው። ጆሮ ተሳሳተ እንዳይሉህ ብዬ። ታክሲ ውስጥ ነው ሌላው የገባኝ። ገመዱን ስትነቅል ቆም ብለህ አላሰብክም። የቱ እንደሆነም አልፈለግክም። ቀድመህ ታውቅ ነበር።»

«ሹክሹክ...»

«ያን ቀን በር ላይ ቆመህ ስትሰማ አንገትህ ዘንበል ብሎ ነበር። አይቼዋለሁ። ጥሩ ነው ስትለኝ ግን ከአንገትህ አፍህን አመንኩ።»

እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። ዕድሜውን ሙሉ ሲነግሩት ያላመነውን አሁን አመነ።

ሹክሹክ ወንበሩን ወደሱ አዞረችው። ዓይኗ ደርቋል። የየማታዋን ጥያቄ፣ በየማታው ድምፅዋ፣ ጠየቀችው።

«ቀናህ?»

ቃሉ ያው ነው። ስንት ዓመት በር ላይ ሲሰማው የኖረ ቃል ነው። በውስጡ ሁለት ጥያቄ እንዳለ ግን ጆሮ የተባለው ሰው ዛሬ ገና ሰማ። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ ስሙ ተመልሶለታል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨብጭቦለታል፣ የሚቀጥለው ሥራ የሱ ነው። «ቀናኝ» ቢል ውሸት አልነበረም። በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው የሚለየው።

«ቀናሁ» አለ።

ሹክሹክ ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል በሽቦ የምትሰማ ሴት ናት፤ ፊደሏ አላመለጠቻትም። ፀጉር አስተካካዩ ከግድግዳው ወዲያ መጥረጊያውን ሲያቆም ተሰማ።

«እኔም ቀንቼ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ይቺን ጣውንቴ ያልኳት ጊዜ። እኔ ግን ነገርኩህ።»

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረችና ከመጀመሪያው አጫወተችው።